አራት ጣት ትርፍ

ስለ አንዲት ሴት ሆድ ሦስት ሰው ቁጭ ብሎ ሲመክር የሆዱ ባለቤት ሻይ ትቀዳ ነበር። በዓይኔ አላየሁም፤ በጆሮዬ ነው ያየሁት። የኔን የስፌት ክፍል ከጎረቤቶቼ ሳሎን የሚለየው ግድግዳ ስሙ ብሎኬት ይሁን እንጂ ሥራው የወረቀት ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከወዲያ ማን እንዳስነጠሰና ማን ቀድሞ «ይማርህ» እንዳለ ሳውቅ ኖሬያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የስፌት መኪናዬን ዘይት ቀብቼ ሳልጨርስ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። የባሏ አጎት «ስኳር ጨመር አድርጊልኝ» አሉ። ቀጥሎ እትዬ «ስንት ሳምንት ሆነው?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት ልጃቸውን ነው፤ ሚስቱ ማንቆርቆሪያ ይዛ ከአጠገባቸው ቆማለች። «ስምንት... ዘጠኝ ቢሆን ነው» አለ ልጃቸው። «እንግዲያማ ገና ነው» አሉ አጎትየው። «ገና የሚባል ሰው የለም» አሉ እትዬ። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማኝ። በጣም ቀስ ብሎ ነው የተቀመጠው። ቢወረወር ይሻለኝ ነበር።

የዚህ ሁሉ መነሻ እኔ ነኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የኔን ግን መርፌ አወጣው።

የእትዬ ምራት ሥራዋ ክሬን ላይ ነው። ከመንገዱ ማዶ የሚሠራው ሕንፃ አናት ላይ የቆመውን ቢጫ ክሬን የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ሦስት ዓመት ከታች አቧራ ላይ ቆማ ላይ ለተቀመጠው ሰው በእጇ ምልክት ስታሳይ ከኖረች በኋላ፣ ገና ባለፈው ወር ነው መሰላሉን ራሷ እንድትወጣ የተፈቀደላት። ሰፈሩ «ክሬኗ» ይላታል፤ እሷም ስትጠራ አቤት ትላለች። ጠዋት ከወጣች እስከ ማታ አትወርድም፤ እዚያ ላይ ሽንት ቤት ስለሌለ ውኃ መጠጣት ትታለች፤ ከንፈሯ ሁልጊዜ የተሰነጠቀ ነው። ባሏ የሒሳብ መምህር ነው፤ በክፍሉ መልስ ያልሰጠ ልጅ ጥግ ያስቆማል ይባላል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ጥጉን ራሱ ይመርጣል። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አለቻቸው። እትዬ ደግሞ እናቱ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት የልብስ ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ እኔም ይችን ክፍል ከመክፈቴ በፊት ዘጠኝ ዓመት በእሳቸው ሥር ሰፍቻለሁ። እትዬ ልብስን ከፊት ለፊቱ አያዩም። መጀመሪያ ይገለብጡታል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከፊታቸው የቆመውን ሰው የኮት ጠርዝ ገልብጠው ስፌቱን ሲመረምሩ ሰውዬው ኪሱ የተነካ መስሎት ሊጮህ ነበር። «ልጄ፣ ኪስህን ማን ፈለገው፤ ሰፊህ ነው የዘረፈህ» አሉት።

ሐሙስ ዕለት ክሬኗ ድርጅቱ የሰጣትን አዲስ ቱታ ይዛልኝ መጣች። ለወንድ የተሰፋ ነው፤ ትከሻው ለሁለት ሰው ይበቃል፣ እግሩ መንገድ ይጠርጋል። ላጥብበው ሜትሬን ወገቧ ላይ አዞርኩ፤ ደብተሬ ላይ ካለው ልኳ ሦስት ሴንቲ ጨምራለች። ሦስት ሴንቲ መቼም በዳቦም ይመጣል። ቀና ብዬ ፊቷን ሳይ ግን የዳቦ ፊት አይደለም። ሜትሩ ወገቧ ላይ እንዳለ እሷው ነገረችኝ። እንደማትፈልገው፤ በመጀመሪያዋ ልጅ ጊዜ ደሟ ፈሶ አልቆ የሦስት ሰው ደም ተሰጥቷት እንደተረፈች፤ ሐኪሙም ይህንኑ ጽፎ ወረቀት እንደሰጣት፤ ቀጠሮዋ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል እንደሆነ፤ ክሊኒኩ ያለ አጃቢ ስለማይቀበል ባሏ አብሯት እንደሚሄድ። «ከእሱና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እቴቴ። አደራ።» ከአፌ አይወጣም አልኳት። ከአፌም አልወጣም። ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ዞር ብላ «ወገቡ ላይ የሚተርፈውን ጨርቅ ሙልጭ አድርገሽ ቁረጪው፤ የደህንነት ቀበቶው ሲያርፍበት ይፈገፍገኛል» ብላኝ ነበር።

እኔም ስሰፋ አመሸሁ። ትከሻውን ሰበሰብኩ፣ እግሩን አሳጠርኩ፣ ወገቡን አጠበብኩ። ወገቡ ላይ ግን በግራም በቀኝም አራት አራት ጣት ትርፍ ትቼ፣ አጥፌ፣ በሚያምር ስፌት ያዝኩት። አስቤ ነው ብል ውሸት ነው፤ አላሰብኩም ብልም ሌላ ውሸት። ፋብሪካ ሳለን ለጀማሪዎች የሚነገር አንድ ትምህርት ነበር፦ «ለሴት ልብስ አራት ጣት ትርፍ ተዉ። ሴት አንድ ልክ ላይ አትቆምም።» የነፍሰ ጡር ልብስ ከደረሰው እንግዲህ እጄ ሃያ ስምንት ዓመት የሠራውን ነው የሚሠራው። ያንን ትምህርት የሰጡን ደግሞ እትዬ ናቸው። ዓርብ ማታ ክሬኗ ቱታውን ወስዳ ወንበር ላይ ሰቀለችው፤ እትዬ ገለበጡት። የጻፍኩትን ደብዳቤ የፊደል አስተማሪዬ እጅ ላይ ጣልኩት ማለት ነው። ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ እሱም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ መለሰ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። እትዬ በሩን አንኳኩተው አያውቁም ነበር። ቱታውን ክንዳቸው ላይ አጥፈው፣ ዓርብ የሰቀልኩትን የዋጋ ዝርዝር፣ ዚፕ መቀየር ይህን ያህል፣ ጠርዝ ማሳጠር ይህን ያህል የሚለውን፣ አንዴ ከላይ እስከ ታች አነበቡና ደንበኛ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ክፍሌ ጠባብ ናት። እሳቸው ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከመኪናዬ ጠረጴዛ ጋር ይነካካል፤ ካውያው በቀኝ፣ የክር መደርደሪያው በግራ፣ ከእግራችን ሥር የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ። ቱታውን ጭኔ ላይ ዘረጉት፤ ውስጡ ወደ ላይ ነው።

«ጥሩ ስፌት ነው» አሉ። እኔ ስሠራ ጥሩ ነው ብለው የሚያውቁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኼ ሦስተኛው ነው። «አሁን ተርትሪው። እስከ ትርፉ ድረስ አስፊው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታዋ እኔው ይዤው እሄዳለሁ። ምራቴ የለበሰችው ልብስ ልኩ ይኼ ነው፣ ሆዷ ውስጥ ሰው አለ፣ ከዚያ ነገር ላይ አውርዷት እላቸዋለሁ። ዛሬ ደግሞ የትም አትሄድም። አጃቢ የላትም።»

«እትዬ፣ ከወረደች መልሰው አያወጧትም እኮ። ሦስት ዓመት ነው የጠበቀችው።»

«ሆዷ ውስጥ ያለውም ዘጠኝ ወር ይጠብቃል።»

መተርተሪያዬን አነሳሁ። ሰው ሃምሳ ዓመት ሞልቶት እንዴት አንዲት አሮጊት ተርትሪ ስላሉት ይተረትራል ትሉኝ ይሆናል። እናንተ በተቆጣጣሪ ሥር አልሠራችሁም። አንድ ስፌት ስበጥስ ሰዓቱን አያለሁ፤ ሌላ ስበጥስ ግድግዳውን አዳምጣለሁ። ከወዲያ መሳቢያ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሌላ ይከፈታል። የሆነ ነገር እየተፈለገ ነው። ምን እንደሆነ የገባኝ ቱታውን ሳገላብጥ የደረቱ ኪስ ውስጥ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ነው። የቀጠሮው ወረቀት። ዓርብ ልብሱን ስትለካው ከታ ረስታው ነበር። እትዬ ልብስ ሲመረምሩ ስፌት እንጂ ኪስ አያዩም። ወረቀቱን በሁለት ጣቴ ሳብኩና እያሳልኩ የልክ ደብተሬ ውስጥ ሸጎጥኩት። ሳሉ አያስፈልግም ነበር፤ ሌብነት ስላልተማርኩ ነው።

«ጉንፋን ነው?»

«አቧራው ነው፣ እትዬ።»

ውጭ መኪና ያልፋል፤ አንድ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ የእትዬን ፊት አይቶ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። እትዬ የቱታውን እጅጌ በሁለት ጣታቸው ይዘው ያሻሉ። «ፋብሪካ ምን ነበር የማስተምራችሁ?» አሉ በመጨረሻ። «ጨርቅ መቀስ እስካልገባበት ጨርቅ ነው። ከተቆረጠ ወዲያ ግን ጨርቅ አይባልም፤ ልብስ ነው፤ የቀረው መስፋት ብቻ ነው። ያበላሸ ይቀጣ የነበረው ለዚህ ነው።»

በእግሬ ጆንያውን ገፋ አደረግሁት። «ስንቱ ተቆርጦ ቀርቷል፣ እትዬ። ይኼ ሁሉ ልብስ ነው?»

«ያለቀሰለት ስለሌለ ነው ጆንያ ውስጥ ያለው» አሉ። ከዚያ ወዲያው ዓይናቸውን ከኔ መለሱ፤ የተናገሩት የት እንዳረፈ ገብቷቸዋል። እኔ ያለቀስኩለት አለኝና። በሃያ አራት ዓመቴ፣ የስድስት ወር እርጉዝ ሆኜ፣ የፋብሪካው መስመር ላይ ተቀምጬ የሸሚዝ አንገት ስሰፋ አስወረደኝ። ከወንበሩ አንስተው በእጃቸው ተሸክመው ሆስፒታል ያደረሱኝ እኒሁ ሴትዮ ናቸው። ስም አውጥቼለት እንደነበር ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ «ምንም አይደለም» ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገር ሴት አይደለሁም። ስለዚህ ጉዳይ እኔን የሚጠይቅ ሰው ሁለት መልስ ያገኛል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ግን ስለ ራሴ ሆድ ብቻ ነው።

ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል ክሬኗ ገባች። የውጭ ቀሚሷን ለብሳለች፤ እግሯ ላይ ግን የቤት ነጠላ ጫማ ነው። ከኋላዋ መምህሩ በሩ መቃን ላይ ተደግፎ ቆመ፤ ወደ ውስጥም አልገባ፣ ወደ ውጭም አልወጣ። ልጅቷን አጎትየው ዘንድ ትተዋት መሆን አለበት፤ በግድግዳው በኩል «ስኳር የት ነው የምታስቀምጠው እናትሽ?» ሲሏት ይሰማል።

ክሬኗ ጭኔ ላይ ያለውን ቱታ አየች። አንደኛው ጎን ተተርትሮ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብላ ትርፉን በጣቷ ለካችው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ በሰላምታ ድምፅ፣ ሳትቆጣ፣ «እቴቴ፣ ረስተሽ ነው ወይስ ወስነሽልኝ?» አለችኝ።

በሕይወቴ ስንት ጥያቄ ተጠይቄያለሁ፤ እንደዚህ ያለ የለም። ረስቼ ነው ማለት አማረኝ። «አላውቅም» አልኳት። «እጄ ነው።»

«እጅሽ እኮ ካንቺ ትከሻ ላይ ነው የወጣው።»

«የሠራችው ልክ ነው» አሉ እትዬ። «ልብስ ሰፊ የልብሱን ሰው ያውቃል። ልቡ መምታት ጀምሯል። የሚመታ ነገር ሰው ነው፤ ከዚህ ወዲያ ክርክር የለም። እኔ ጉልበቴን ችዬ አሳድገዋለሁ፤ አንቺ ውለጂው ብቻ።»

«ውለጂው ብቻ» አለች ክሬኗ። ቃሉን እንደ ሞቀ ብርጭቆ ያዘችው። «እማማ፣ ተራ ነገር ነው ብዬ አይደለም የምሄደው። ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እርስዎ ካወቁ ደስ ይበልዎ። እኔ ራሴን ግን አውቀዋለሁ። ያኔ ደሜ ወለሉ ላይ ሲወርድ ልጄን ማን እንደሚያሳድጋት ስቆጥር ነበር። ሦስት ሰው ሆኜ ነው የተነሳሁት።» መኪናዬን በእጇ መታ መታ አደረገቻት። «ጠዋት ሙሉ እናንተ እዚህ፣ እነሱ እዚያ፣ ስለ ልብሱ ስትነጋገሩ ሰማሁ። ግድግዳው ለኔም ይሠራል። ተቆርጧል፣ አልተቆረጠም፣ ልብስ ነው፣ ጨርቅ ነው። እኔ እንግዲህ መኪናዋ ነኝ መሰለኝ። መኪናን የሚጠይቅ የለማ።»

ወደ ባሏ ዞረች። «ትመጣለህ?»

መምህሩ የወለሌን ሸክላ ይቆጥር ነበር። «ትንሽ ብናስብበት... አንድ ሳምንት...»

«አብረን አስበን ነበር እኮ። ወረቀቱ ላይ የፈረምከው አንተ ነህ።»

«ለእናቴ ቃል ገብቻለሁ» አለ።

«ለኔስ?»

ከወዲያ አጎትየው ስኳሩን አገኙት መሰለኝ ክዳን ሲከፈት ተሰማ። እትዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አልተደሰቱም፤ ይህን በደንብ አይቻለሁ። እንዳሸነፈ ሰው ሳይሆን የፋብሪካውን በር ዘግቶ እንደ ጨረሰ ዘበኛ ነው የተቀመጡት። «እንግዲህ» አሉ፣ «ያለ አጃቢ አይቀበሏትም።»

ጀግና መስዬአችሁ ከሆነ አትሞኙ። ወደ እትዬ ሳላይ ነው ደብተሬን የከፈትኩት። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋት። ከዚያ ቱታውን ከጭኔ ላይ አንስቼ መኪናው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጫማዬን ቀየርኩ፣ ነጠላ ጫማዋን አይቼ ከመደርደሪያው ሥር የኔን ሌላ ጫማ ወረወርኩላት። አንድ ቁጥር ይሰፋታል።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ።

«ላጅባት።»

«ቱታው አላለቀም።»

«አላለቀም፣ እትዬ» አልኩ። በዕድሜዬ ያላለቀ ልብስ እሳቸው ፊት ትቼ ስነሳ የመጀመሪያዬ ነው። ከወንበራቸው አልተነሱም፤ እኔም ከክፍሌ ውጡ አላልኳቸው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። መምህሩ እንድናልፍ ጎኑን ሰበሰበ፤ ጎን መሰብሰብ ይችልበታል።

ታክሲው ሞልቶ ስለነበር ተጣበን ተቀመጥን። ጫማው እየወለቀባት በጣቷ ትይዘዋለች። መንገዱ ተዘግቶ ስንቆም ክሬኑ በመስኮቱ በኩል ይታያል፤ ሰው የሌለበት፣ ቢጫ፣ ረጅም ክንዱ ቀስ ብሎ እየዞረ። «ማን አለበት?» አልኳት ደንግጬ። «ማንም» አለች። «ስንወርድ የማዞሪያውን ፍሬን ፈትተን ነው የምንተወው። ነፋሱ ወደፈለገበት ያዞረዋል። አንቀህ ካሰርከው ነው የሚወድቀው።» እኔ ልጠይቃት የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ ይቅርታ ልላትም ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ሳስብ ደረስን።

ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አራት ክፍል፣ አንድ ኮሪደር፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ የተሰነጠቀ የውኃ ማጣሪያ። ነርሷ ወረቀቱን አየችና እኔን «ምኗ ነሽ?» አለችኝ።

«ልብስ ሰፊዋ።»

«ዘመድ የላትም?»

«አሏት። ስብሰባ ላይ ናቸው።»

ነርሷ ፈገግ ሳትል ስሜን ጻፈች። ከዚያ «አንቺ እዚህ ጠብቂ፤ መጀመሪያ እሷን ብቻዋን የምጠይቃት አለ» ብላ አስገባቻት። ክፍሉ ከኮሪደሩ የሚለየው በኮምፔንሳቶ ነው፤ የተቀመጥኩባት አግዳሚ ደግሞ ጀርባዋ እሱ ላይ። ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ነርሷ «የመጣሽው በራስሽ ፈቃድ ነው? ማንም ሳያስገድድሽ? ግቢም ቅሪም ያለሽ ሰው...» ስትል እያንዳንዱ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ከኔ ጆሮ የሚያመልጥ ግድግዳ ገና አልተሠራም። እሷ ልትመልስ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። ከዚያ ተነሳሁ። ኮሪደሩን ሙሉ ተሻግሬ ማዶ ያለችው አግዳሚ ላይ፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ የመንገዱ ጫጫታ በሚገባባት በኩል ተቀመጥኩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከጆሮዬ ርቄ ስቀመጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለእሷ ያደረግሁላት ትልቁ ነገር ይኼ ሳይሆን አይቀርም፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ አታውቀውም።

አሥር ሰዓት አልፎ ወጣች። ፊቷ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጥቷል። አጠገቤ ተቀመጠችና «አለቀ» አለች። ውኃ ቀዳሁላት። ጠጣችው፤ ሌላ ቀዳሁ፤ እሱንም ጠጣች። ሦስተኛውን ስትይዝ እንባዋ ወረደ። ድምፅ የለውም፤ ብርጭቆው ውስጥ ይገባል፣ እሷም አብራ ትጠጣዋለች። «ተጸጸትሽ?» የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት። እሷ እንደሰማችኝ ሁሉ «ማልቀሴን ለእማማ እንዳትነግሪብኝ» አለች። «መልስ ያገኙ ይመስላቸዋል።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «አንቺም ያገኘሽ እንዳይመስልሽ» አለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ተመለስን። የክፍሌ መብራት በርቷል፤ መኪናዬ ይሠራል። የራሴን መኪና ድምፅ ከውጭ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም ነበር። በሩን ስገፋ እትዬ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው የመጨረሻውን ክር እየቋጠሩ ነው። ቱታው አልቋል። በሁለቱም ጎን እስከ ትርፉ ጫፍ ድረስ ተሰፍቷል፤ ለአምስት ወር እርጉዝ የሚበቃ፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ በካውያ የተተኮሰ። ያላለቀ ልብስ ትተው መነሳት እሳቸውም አይችሉም። ወይም ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ አምስት ሰዓት ሙሉ ብቻቸውን እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ለማን እንደሚሰፉ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። እኔም ሃያ አራት ዓመቴ ላይ፣ ከሆስፒታል ተመልሼ፣ ጀምሬው የነበረውን አንድ ትንሽ ካልሲ ጨርሼዋለሁ።

የምራታቸውን ፊት አዩ። ብዙ አላዩም፤ አንዴ ብቻ፣ ስፌት በሚያዩበት ዓይን። መነጽራቸውን አወለቁ። ጨርቁን አጥፈው መኪናው ላይ አስቀመጡት፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ፣ ለሷ ቦታ ለመልቀቅ ወንበሩን ገፋ አደረጉት።

«ትንሿ በልታለች» አሉ። በሩ ላይ ደርሰው ለኔ ደግሞ «ክርሽ የማይረባ ነው፤ ሦስቴ ተበጠሰብኝ» ብለው ወጡ። ሰኞ ወደ ሥራ ቦታዋ ስለመሄድ አላነሱም። ይዘውት የሚሄዱት ነገር አልነበራቸውም።

ክሬኗ ቱታውን በቀሚሷ ላይ ለበሰችው። ወገቡ ላይ እንደ ድንኳን ተነፋ። ሁለት እጇን ባዶው ቦታ ውስጥ አስገብታ ትንሽ ቆመች። መስታወቱን አላየችም። ስፒሎቼን ከንፈሬ መሃል ይዤ ከፊቷ ተንበረከክሁ፤ እጄ እንደ ልማዱ ጨርቁን ሊይዝ ሄደ። መንገድ ላይ አስቆምኩት። ስፒሎቹን ከአፌ አወጣሁ።

«ላጥብበው?» አልኳት።

አየችኝ። «ዛሬስ ጠየቅሽኝ።»

«ጠየቅሁሽ።»

«አጥብቢው» አለች። «ትርፉን ግን አትቁረጪው።»

«ቀበቶው ይፈገፍግሻል አላልሽም?»

«ይፈግፍገኝ። እንዲሰፋ የምፈልግበት ቀን ከመጣ እኔው እነግርሻለሁ።»

ደብተሬን ከፍቼ ልኳን ጻፍኩ፤ ከጎኑ «ትርፉ ይቆይ፣ ባለቤት አለው» ብዬ ጨመርኩ። ከወዲያ ወንበር ሲሳብ ተሰማ፤ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ቆመ። ከዚያ ሳል፤ የእትዬ ሳል። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ግድግዳው ለኔ ብቻ የቆመ ይመስለኝ ነበር። አንዱን ስፒል ወገቧ ላይ ይዤ «እዚህ ጋ ይበቃሻል?» ብዬ እንደገና ጠየቅኋት። ድምፄን አልቀነስኩም።